ልስላሴ ሁሉ ደግ ነውን?

በቋንቋችን ልስላሴ የምስጋና ቃል ነው። አንደበቱ ለስላሳ፣ ጠባዩ ለስላሳ የተባለ ሰው በማኅበር ይፈለጋል፣ በሸንጎ ይወደሳል፣ ለሽምግልና ይመረጣል። ሻካራ የተባለው ግን ምንም እንኳ ሌላ ብዙ መልካም ነገር ቢኖረው፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር የሰው ፊት ይጠቁራል። እንግዲህ ነገሩ በሕዝብ ዘንድ እንዲህ የተፈረደ ከሆነ፣ እንደ ገና አንሥቶ መመርመር ምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ መልሳችን ይህ ነው፤ በልስላሴ የተጎዳ ሰው አይተናልና፣ ከጎዱትም አንዱ እኛው ነበርንና፣ ሳንመረምር ልናልፈው አልተቻለንም። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከእጅ ሥራ እንጀምር፤ የእጅ ሥራ እንደ አፍ ንግግር በቀላሉ አይዋሽምና።

አርብ ገበያ ስሟ እንደሚናገረው በዕለተ ዓርብ የምትገበያይ፣ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። በእርሷና በአካባቢዋ ያደገ ሰው የውቀራን ድምፅ ያውቀዋል። የሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት በየቤቱ እህል የሚፈጨው በድንጋይ ነበር፤ ታችኛው ሰፊ ድንጋይ ወፍጮ፣ በሁለት እጅ ተይዞ የሚገፋው ታናሹ ድንጋይ መጅ ይባላል። ሴቲቱ ወገቧን አጥፋ መጁን ወደ ፊት ትገፋለች፣ ወደ ኋላ ትስባለች፤ እህሉም በሁለቱ መካከል እየተደቆሰ ዱቄት ይሆናል። ይህ ሥራ የእናቶቻችንን ጉልበትና የሌሊት እንቅልፍ የበላ ከባድ ሥራ ስለ ነበረ፣ የሞተር ወፍጮ መጥቶላቸው እፎይ ያሉትን ሴቶች ወደ ኋላ እንዲመለሱ የሚመኝ ልብ የለንም። ልናነሣው የወደድነው የድንጋዩን ጠባይ ብቻ ነው።

ድንጋይ ከድንጋይ ጋራ ሲፋተግ ይለሰልሳል። ወፍጮው ብዙ ቀን ከፈጨ በኋላ ገጹ ያብለጨልጫል፤ እጅ ሲዳብሰው ደስ ይላል፣ ለዓይንም ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ያማረው ወፍጮ አይፈጭም። እህሉ ከመጁ ሥር እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ሴቲቱ ጉልበቷን እጥፍ ብታደርግ የምታገኘው ሽርክት ነው። በዚህ ጊዜ ጫፉ የሾለውን መውቀሪያ አንሥታ፣ ከዳር ጀምራ እስከ ዳር ነጥብ በነጥብ ትወቅረዋለች። መጁንም እንዲሁ ታደርገዋለች። ከዚያም ብናኙን ጠርጋ፣ ድንጋዩን አጥባ፣ መጀመሪያ የፈጨችውን ጥቂት እህል አሸዋ እንዳይኖርበት ብላ ለሰው ሳታቀርብ ትጥለዋለች። የተወቀረውን ወፍጮ እጅ ቢዳብሰው ይቧጥጣል፤ ዱቄቱ ግን ይልማል። የላመ ዱቄት ከሻከረ ድንጋይ ይወጣል ማለት ነው።

የሞተር ወፍጮም ቢሆን ከዚህ ሕግ አላመለጠም። በውስጡ የሚሽከረከረው ድንጋይ እየዋለ እያደረ ስለሚለሰልስ፣ ባለ ወፍጮው ሞተሩን አቁሞ፣ ድንጋዩን ከፍቶ፣ በመዶሻና በመሮ መውቀር አለበት። ይህን ሥራ የሚያቆየው ባለ ወፍጮ ነዳጅ እየፈጀ ገበሬውን ግማሽ ቀን ያስጠብቃል፤ በመጨረሻም የጋለና የሸረከተ ዱቄት ያስረክበዋል።

ቃሉንም ብንመረምረው ብዙ ነገር ያስተምረናል። ወቀረ ማለት ድንጋይን ወግቶ፣ ፈልፍሎ ለሥራ ማብቃት ነው። ከጋይንት በስተ ምሥራቅ፣ በላስታ፣ በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚጠሩት 11 ቤተ ክርስቲያኖች ውቅር መባላቸው ከዚሁ ቃል ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ክፍሎችን አደረጃጀት የምንጠራበት መዋቅር የሚለው ቃልም በፊደሉ ከዚሁ ሥር ጋራ ይገጥማል። እንግዲህ መዋቅር አለን የምንል ሰዎች በስማችን ውስጥ የመውቀሪያ ድምፅ እንዳለበት ልናስተውል ይገባናል።

ይህን ስናስብ ሳለን፣ ከወፍጮ ጋራ ምንም ዝምድና የሌለው የሚመስል አንድ የሩቅ አገር ሥራ በሐሳባችን መጣ። ይኸውም አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ፣ ፈረንጆች ስኪ የሚሉት ነው። ለጋይንት ሰው በረዶ ማለት በክረምት ከሰማይ ወርዶ ማሳውን የሚመታው፣ በጉና ተራራ ራስ ላይ ለጥቂት ጊዜ ነጥቶ የሚታየው ነው እንጂ፣ ወራት ሙሉ ምድርን ሸፍኖ መንገድ የሚሆን ነገር አይደለም። ሆኖም ከአገራችን ልጆች አንዱ ይህን መንገድ ሞክሮታል። በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ አገር ሸርተቴ የተማረው ሮቤል ተክለ ማርያም፣ በ1998 ዓ.ም. በኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር ተሰለፈ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ በቫንኩቨር ተወዳደረ። በክረምት ኦሊምፒክ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው እርሱ ነው።

እግር ላይ የሚታሰረው ቀጭንና ረዥም ሸርተቴ፣ በረዶውን የሚነካው ታችኛ ገጹ ፖሊኤትሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ነገሩን የማያውቅ ሰው፣ ይህ ገጽ እንደ መስታወት በለሰለሰ መጠን አብልጦ ይንሸራተታል ብሎ ይፈርዳል። እኛም እንዲሁ ፈርደን ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሸርተቴው በበረዶው ላይ ሲያልፍ ፍትጊያው በመካከላቸው ስስ የውሃ ንጣፍ ያበጃል። ይህ ውሃ በመጠኑ ሲሆን እንደ ዘይት ያገለግላል፤ ሲበዛ ግን፣ ሁለት የመስታወት ቁራጮች ውሃ በመካከላቸው ሲገባ ተጣብቀው አንላቀቅም እንደሚሉ፣ የለሰለሰው ገጽ በእርጥቡ በረዶ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች ገጹን ሆነ ብለው ይፈለፍሉታል፤ በላዩም ውሃው የሚሾልክባቸውን ጥቃቅን ቦዮች ያወጡበታል።

ይህ በሁለት መንገድ ይደረጋል። አንደኛው በመኪና ነው፤ የሚሽከረከር ድንጋይ የሸርተቴውን ገጽ ይፍቀዋል፣ ቦዩንም ይቀርጽበታል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ያ ድንጋይ ራሱ አስቀድሞ በአልማዝ ጫፍ የሚወቀር መሆኑ ነው። ሁለተኛው በእጅ ነው። ባለሙያው ሸርተቴውን ሰም ቀብቶ፣ ትርፉን ፍቆና በብሩሽ ጠርጎ ካበቃ በኋላ፣ ጥርስ ያለው ትንሽ የብረት መንኮራኩር የተገጠመበትን መሣሪያ በእጁ ይዞ፣ እኩል እየተጫነ ከአፍንጫው ወደ ጅራቱ ይገፋዋል። ለብርዳማና ለደረቅ በረዶ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ረቂቅ መንኮራኩር ይመረጣል፤ ለሟሟና ውሃ ለበዛበት በረዶ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሻካራ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ውሃን በብርቱ የሚገፋውን ፍሎሪን ያለበትን ሰም ከ2016 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ስለ ከለከለ፣ የዚህ ቦይ ዋጋ ከቀድሞው ይልቅ ከፍ ብሏል።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። በአርብ ገበያ ድንጋይ የሚወቀረው እህሉን እንዲይዝ ነው፤ በበረዶ አገር ሸርተቴ የሚፈለፈለው በረዶውን እንዲለቅ ነው። አንዱ ሻካራነት ይጨብጣል፣ ሌላው ሻካራነት ያስመልጣል። ከዚህ የምንረዳው፣ ሻካራነት በራሱ ደግ ወይም ክፉ አለመሆኑን ነው፤ ልስላሴም እንዲሁ። ደግነቱና ክፋቱ የሚታወቀው፣ ይህ ገጽ የተሠራው ለምን አገልግሎት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ለሥራ የተፈጠረ ገጽ፣ ሥራውን ትቶ ለመዳበስ ብቻ ካማረ፣ ውበቱ ጉድለቱ ነው።

አሁን ወደ ሰው እንመለስ። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስናገለግል፣ አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን የጡረታ ጉዳይ ይዘው ከሩቅ ገጠር መጡ። ማመልከቻቸውን የተቀበልነው እኛ ነበርን። አንድ ማስረጃ እንደሚጐድላቸው፣ ይኸውም ሚስትነታቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ መሆኑን ገና ስናነበው አውቀናል። ነገር ግን ፀሐይ የጠለቀበትን ፊታቸውንና አቧራ የለበሰ እግራቸውን አይተን፣ ይህን መርዶ ከአፋችን ማውጣት ከበደን። ወንበር ስበን አስቀመጥናቸው፤ «አይዞዎት እማማ፣ ጉዳይዎ ይታያል፤ በሚመጣው ሳምንት ብቅ ይበሉ» አልናቸው። በሚቀጥለው ጠረጴዛ የነበረው ባልደረባችንም እንዲሁ አላቸው። ከእርሱ በላይ ያለው ሹምም ከወንበሩ ብድግ ብሎ በአክብሮት ተቀብሎ፣ በአክብሮት ሸኛቸው። እርሳቸውም በየጠረጴዛው «ዕድሜ ይስጣችሁ ልጆቼ» እያሉ መረቁን።

ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በአራተኛው ጊዜ ጉዳያቸው ከመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። ይህ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሻካራ በመባል የታወቀ ነበር። ማኅደሩን ገልጦ አየና፣ «እማማ፣ ይህ ነገር የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሌለበት እስከ ዕለተ ምጽአት ቢመላለሱ አይፈጸምም። ይታያል ያሉዎት ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር» አላቸው። ባልቴቲቱ አለቀሱ። ለመሳፈሪያ ሲሉ አንዲት በጋቸውን ሸጠው እንደ ነበረም ያን ጊዜ ተናገሩ። ሽማግሌውን «አንጀት የሌለህ» ብለው ሄዱ። ነገር ግን ከወር በኋላ ውሳኔውን ይዘው መጡ፤ ጉዳያቸውም በጥቂት ቀን ውስጥ ተፈጸመ።

እስከ ዛሬ ድረስ በልባችን የቀረው ነገር ይህ ነው፤ ያታለልናቸው እኛ ተመረቅን፣ ያገለገላቸው ሰው ተረገመ። ምርቃቱንም ለመመለስ የሚቻል ነገር አልሆነም። የሽማግሌውን ቃል በሰማን ጊዜ ተቆጥተን ነበር፤ ስናስበው ግን ያ ቃል በባልቴቲቱ ላይ ያረፈ ቢመስልም፣ የወቀረው እኛን ነበር።

ታዲያ በዚያ ቀን አንደበታችንን ያለሰለሰው ምን ነበር? ርኅራኄ ነው ብለን ነበር፤ ራሳችንን አጥብቀን ስንጠይቅ ግን ርኅራኄ ሆኖ አላገኘነውም። ርኅራኄ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጉዞ፣ የተሸጠችውንም በግ ባሰበ ነበር። የፈራነው የእርሳቸውን ጉዳት ሳይሆን፣ የእርሳቸው እንባ በእኛ ፊት መውረዱን ነው። ይህም ይሉኝታ ይባላል። ይሉኝታ ነውርን እንድንሸሽ ስለሚያደርገን በአያሌው የሚጠቅም ጠባይ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ይሉኝታ ዘወትር የሚጠይቀው «ስለ እኔ ምን ይሉኛል?» ብሎ ነው እንጂ፣ «ይህ ሰው ምን ይሆናል?» ብሎ አይደለም። አባቶቻችን «ወዳጅህ የሚያስለቅስህን ይነግርሃል፣ ጠላትህ የሚያስቅህን ይነግርሃል» ያሉት ይህን ለይተው ስላወቁ ነው። በዚያ ተረት መሠረት፣ እኛ በዚያ ቀን የተቀመጥነው በወዳጅ ወንበር ላይ አልነበረም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «እንዲህ ከሆነ፣ ባለጌ ሁሉ እኔ እውነተኛ ነኝ፣ የምወቅረው ለጥቅም ነው እያለ ሰውን ሲያቆስል ሊኖር ነው» የሚል ሰው ቢነሣ፣ ስጋቱ እውነት ነው። ሰውን በአደባባይ አዋርደው፣ ግልጽነት ነው እያሉ የሚመኩ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፉም። ስለዚህ ከመውቀሪያው ዘንድ ልኩን ልንማር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፣ ወፍጮ የሚወቅር ሰው ድንጋዩን አይጠላውም፤ እንዲፈጭለት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚመታው በቁጣ አይደለም፤ ምቱንም ቆጥሮ በየስፍራው ያደርጋል። በንዴት የሚመታ ሰው ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወፍጮም የለ፣ ዱቄትም የለ። ተግሣጽም ከተሰጠ በኋላ ሰውዬው ሥራውን አሻሽሎ እንዲሠራ የማያስችለው ከሆነ፣ ውቀራ ሳይሆን መስበር ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ውቀራ ከድንጋዩ ጥቂት ይወስዳል። ወፍጮ በተወቀረ ቁጥር ይሳሳል፤ ዕድሜ ልኩን ያገለገለ ወፍጮ ጎድጉዶና ስስ ሆኖ ይገኛል። የሸርተቴውም ነገር እንዲሁ ነው። በመኪና ድንጋይ የሚቀረጸው ቦይ ገጹን ቆርጦ ስለሚያነሣ ይቆያል፤ ነገር ግን ገጹ ሁልጊዜ ሊፋቅ አይችልም፣ ያልቃልና። በእጅ መሣሪያ የሚወጣው ቦይ ግን ገጹን ተጭኖ ያጐደጉደዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ለዚያ ቀን በረዶ ካገለገለ በኋላ፣ ሸርተቴው እንደ ገና በጋለ ብረት ሰም ሲቀባ በሙቀቱ እየጠፋ ይሄዳል። ብልህ ባለሙያ ለአንድ ቀን አየር ሲል የዘላለም ቁስል አይቆርጥም። እኛም ሰውን ስናርም፣ በሁለት ሰዎች መካከል በተነገረ ቃል የሚቃና ስሕተት ሳለ፣ ለምን በማኅደሩ ተጽፎ ዕድሜውን ሙሉ የሚከተለውን ነገር እናስቀድማለን? ቀላሉን እጅ ሳንሞክር ከባዱን ማንሣት፣ የማያልቅ ድንጋይ ያለን መምሰል ነው።

ሦስተኛ፣ ውቀራ እንደ እህሉ ነው። ለክክ የሚበጀው ለጤፍ አይበጅም፤ ለደረቅ በረዶ የተበጀው ቦይ ለሟሟ በረዶ አይሆንም። ለአዲስ ጸሐፊ የሚነገረው ቃልና ሃያ ዓመት ላገለገለ ሰው የሚነገረው ቃል አንድ ሊሆን አይገባውም። ያ ሽማግሌ እንኳ እውነቱን ሳያጐድል፣ ከእንባው በፊት ወንበር ስቦ ሊያስቀምጣቸው ይችል ነበር። እኛ ወንበሩን ሰጥተን እውነቱን ነሣን፤ እርሱ እውነቱን ሰጥቶ ወንበሩን ነሣ። ሁለቱን በአንድነት የሰጣቸው ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አለመገኘቱ ያሳዝናል።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ወፍጮ ተወቅሮ መጅ ባይወቀር ሥራው አይሠምርም። የበላዩም የበታቹም ድንጋይ በየጊዜው ይለሰልሳሉ፤ ይልቁንም የበላዩ፣ የእጅ ላብና ወዝ ሁልጊዜ ስለሚነካው፣ አብልጦ ያብለጨልጫል። ሹምም እንዲሁ ነው። የሚገባበት ሰው ሁሉ ቅቤ አንጓች ሲሆንበት፣ ቀን በቀን በምስጋና እየታሸ፣ ነገር የማይዘው ለስላሳ ይሆናል፤ ባለጉዳዩም ከሥሩ ተንሸራቶ ይወጣል። የበታቾቹን ብቻ የሚወቅር፣ እርሱን ግን ማንም እንዳይነካው የሚከለክል ሹም ቢኖር፣ በግማሽ ወፍጮ ሊፈጭ የሚሞክር ነው። ሸርተቴውን የሚቀርጸው የመኪና ድንጋይ እንኳ ለአልማዙ ራሱን ከሰጠ፣ ሰው ለእውነተኛ ቃል ራሱን ቢሰጥ ክብሩ አይቀንስም።

እንግዲህ ልስላሴ ሁሉ ደግ ነውን ብለን ለጠየቅነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ፣ ልስላሴ ደግ የሚሆነው በዱቄቱ ሲገኝ ነው የሚል ነው። ዱቄት ያልነው የአገልግሎታችንን ፍሬ፣ ባለጉዳዩ ይዞት ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ነገር ነው። እርሱ እንዲልም፣ በእኛ በድንጋዮቹ ላይ ጥቂት መሻከር፣ ጥቂትም መቧጠጥ ሊኖር ግድ ነው። ዱቄቱን ወፍጮም መጅም አይበሉትም፤ ለሌላው ነው።

በአርብ ገበያ በልጅነታችን፣ ማታ ማታ ከጎረቤት ቤት የመውቀሪያ ድምፅ ሲሰማ እንቅልፍ የሚነሣን ይመስለን ነበር። ደጋግሞ፣ ሳይቸኩል፣ በልክ የሚመታው ያ ድምፅ ለነገ የሚበላ ነገር መኖሩን የሚያመለክት መሆኑን የተረዳነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን ያን የመሰለ ድምፅ፣ በቅን ልብና በቀላል እጅ የሚነገር እውነተኛ ቃል ሲሰማ፣ እንቅልፋችንን ስለ ነሣን ብቻ ዝም እንዲል ባናደርገው መልካም ነው እንላለን።